ሚስተር ጌይንስ ፖክ የበሉ ዕለት

አክስቴ ኦዜላ ባሏን ቅጠል አብልታ እንደገደለችው የደረስኩበት ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሁለተኛውን ሰው ልትገድል ስትነሣ ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያስጥለው አልነበረም።

የምንኖረው ዲትሮይት፣ በምሥራቁ ሰፈር ነበር። እናቴ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ቀን ትተኛለች። ስለዚህ ውሎዬ ከአክስቴ ጋር ነበር፤ የአክስቴ ውሎ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። ከቤታችን ጎን የነበሩት ቤቶች እኔ ሳልወለድ ተቃጥለው ፈርሰዋል። በቦታቸው ሣር፣ በሣሩ መሃል ቁጥቋጦ በቅሏል። ከአንደኛው ቤት የተረፈው የድንጋይ ደረጃው ብቻ ነበር፤ የትም የማያደርስ ደረጃ። እዚያ ላይ ተቀምጠን ባቄላ እንፈለፍላለን። ወደ እኛ የሚቀርበውን መሬት አክስቴ ቆፍራ ጎመን፣ ቲማቲምና ባሚያ ተክላበታለች። የቀረው እስከ ማዶው መንገድ ድረስ ለፈለገ ፍጥረት ሁሉ ክፍት ነው።

ሰዎች ቦታውን "ባዶው መሬት" ይሉታል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ትናደድ ነበር። "ባዶ? እስቲ ጫማህን አውልቀህ ግባበትና ባዶ መሆኑን ንገረኝ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሳማውና ጭጎጎቱ ባዶ እግር አያሳልፍም።

ጠዋት ጠዋት ዱላዋን ይዛ ስትዞር እከተላታለሁ። ዕፅዋቱን የምታስተዋውቀኝ እንደ ጎረቤት ነው። "ይህቺ አመድማዶ ናት፤ ከጎመን ጋር ብትቀቅያት አትከፋም። ይህቺን ስትቆረጥ ወተት የምታፈሰውን እንዳትነኪያት፤ ብርቱካንማዋ ቢራቢሮ ለልጆቿ ከእሷ በቀር ሌላ ቅጠል አታበላም፤ እንዳንቺ ምግብ መራጭ ናት።" አትክልት በአፌ አይዞርም ነበርና ነገሩ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው።

ፖክ የምትባለዋ ግን ከሁሉም የተለየች ነበረች። የሚያውቁ ሰዎች የእንዶድ የሥጋ ዘመድ ናት ይላሉ። በረዶው ሲቀልጥ፣ በጸደይ፣ ለስላሳ ቡቃያ ሆና ትወጣለች፤ በመስከረም ከሰው ቁመት ታልፋለች፤ ግንዷ እንደ ቀይ ሥር ይቀላል፤ ጥቁር ፍሬዋ እንደ ወይን ይንጠለጠላል። አንድ መስከረም ከፍሬዋ ጨምቄ ከንፈሬንና ጥፍሮቼን ቀባሁ። ያማርኩ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ስታየኝ የያዘችውን ቅርጫት ጥላ ሮጠች፤ በብብቴ አንጠልጥላ ቧንቧው ሥር ወስዳ አፌን በሳሙና አጠበችው።

"ዋጥሽ? እውነቱን ተናገሪ፣ ሬኔታ። ዋጥሽ?"

"አልዋጥኩም።"

"ይህ ይገድላል። ሥሩም፣ ግንዱም፣ ፍሬውም። ሁለተኛ አጠገቧ እንዳላይሽ።" አፌን እንደገና አጠበችው። አክስቴ ስትሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን አልረሳሁትም።

ሁለተኛው ሰው በቀጣዩ ግንቦት መጣ። ሜዳውን የሚያጭድ ትልቅ ትራክተር ከማዶው መንገድ ገባ። የሚነዱት ሰውዬ ወፍራም፣ ጢማቸው በጥንቃቄ የተከረከመ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ ነበሩ። አክስቴ ዱላዋን ይዛ ሄደችና ከፊታቸው ቆመች።

"እዚያ ሣር ውስጥ የታቀፈች ዶሮ አለች" አለቻቸው።

"የማን ዶሮ?"

"የራሷ።"

ፌዛንት የምትባለዋን የዱር ዶሮ ማለቷ ነው። በእኛ ሰፈር ብዙ ነበሩ፤ ወንዱ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ከኋላው እንደ ጎራዴ የረዘመ ጅራት አለው፤ ሴቷ ግን ሣሩን መስላ ስለምትተኛ ካልረገጧት አትታይም።

"እመቤቴ፣ እኔ የታዘዝኩት ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ እንዳጭድ ነው።"

"እንግዲያው ከእኔ ይጀምሩ።"

ሰውዬው ሞተሩን አጠፉ። ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አክስቴ ሣሩን በዱላዋ ገለጥ ስታደርግላቸው ቁጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ዶሮዋ ዓይኗን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። ሲነሡ "ደቡብ፣ አላባማ እያለን" አሉ ቀስ ብለው፣ "አባቴ ሲያርስ እንዲህ ያለች ካገኘ በቅሎውን አዙሮ ያልፋት ነበር።"

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትርምስ ነበር። አክስቴ በትራክተሩ ፊት ፊት እየሄደች በዱላዋ ትጠቁማለች። "ወደ ግራ። ወደ ግራ እኮ ነው የምልዎት። ያቺን ወተታሟን ይተዉልኝ። ግራዎን አያውቁም?" እሳቸውም ከላይ ሆነው "እርስዎ ቆመው ካስቸገሩኝ ግራም ቀኝም የለኝም" እያሉ ይመልሳሉ። ሲጨርሱ ሜዳው ሰካራም ጸጉር አስተካካይ እጅ የወደቀ ራስ መሰለ፤ እዚህ ጉብታ፣ እዚያ ጉብታ፣ በመሃል ዶሮዋ ያለችበት ትልቅ ደሴት። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ጠብ አይቼ እንደማላውቅ አሰብኩ። ጠብ እንዳልነበረ የገባኝ ራሴ አግብቼ፣ ባሌን ዕቃ ለማስቀመጥ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስልከው ነው።

ማታ እራት ስትሠራ አክስቴ ለራሷ "አላባማ ነኝ ይላል። እናያለን" አለች። ድስቱን ከደነችው። "እናያለን።"

ሚስተር ሉሺየስ ጌይንስ፣ ስማቸው ይህ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለ ትራክተር መምጣት ጀመሩ። ከሥራ ሲወጡ ብቅ ይላሉ። "ተፈለፈሉ?" ይላሉ። "ገና" ትላለች አክስቴ። ቲማቲሙን ያያሉ፤ ሰማዩን ያያሉ፤ ይሄዳሉ። አንድ ቀን የጭነት መኪና ሙሉ የበሰበሰ የፈረስ ፍግ ይዘው መጡና አጥሩ ሥር ከመሩት። አክስቴ እጇን እስከ ክንዷ ፍጉ ውስጥ ከተተች፤ አውጥታ አሸተተችው። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ አፈርኩላቸው። ለሴት ፋንድያ ይዞ የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዛሬ አትክልት ስለምተክል ገብቶኛል፤ እንደዚያ ያለ ፍግ፣ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ፣ ምንም የማይሸት፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ላያገኝ ይችላል። በሩን ዘግታ ምን ታደርግ እንደነበር ግን እስክትሞት ድረስ አልነገረችኝም።

ጎረቤታችን ሚስ ቢዩላ ነገር የማያመልጣቸው ሴት ነበሩ። በዚያው ሳምንት በአጥሩ ላይ ተደግፈው ከአክስቴ ጋር ሲያወሩ እኔ የባቄላው ድጋፍ ሥር ተኝቼ ጉንዳን አያለሁ።

"እና ለእሁድ ምሳ ጠራሽው?" አሉ ሚስ ቢዩላ።

"ጠራሁት።"

"ምን ልታበዪው?"

አክስቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፖክ።"

"አንቺ ሴት። ቆርጠሻል ማለት ነዋ።"

"ቆርጫለሁ።"

"ሩፈስን ካበላሽው ወዲህ እኮ ለማንም ሠርተሽ አታውቂም።"

"ለማንም። ሩፈስ አንድ ጊዜ ቀመሰና አለቀለት፤ ታስታውሺ የለ።"

"እንዴት እረሳለሁ? ከጠረጴዛው መነሣት አቅቶት ነበር።"

"ይህም አይነሣም።"

"ምስኪን" አሉ ሚስ ቢዩላ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ጉንዳኖቹን ማየት አቆምኩ። አጎቴ ሩፈስን አላውቀውም። ቤታችን ውስጥ ፎቶግራፉ የለም። አንድ ጊዜ የት እንዳለ ስጠይቃት "ሞቷል" ብላኝ ወጥ ማማሰሏን ቀጥላለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ባል የሞተባት ሴት ተብላ ነው የምትታወቀው። ነገር ግን ሌሎቹ ባል የሞተባቸው ሴቶች በየበዓሉ አበባ ይዘው ወደ መቃብር ሲሄዱ እሷ ሄዳ አታውቅም። አሁን ምክንያቱ ገባኝ። ሰው የገደለውን ሰው መቃብር እንዴት ያያል?

ቅዳሜ ዕለት ቢላዋ ይዛ ሜዳው ውስጥ ገባች። ከሩቅ ተከተልኳት። ጎንበስ ብላ የፖክን ቡቃያ ከመሬት በላይ ብቻ እየቆረጠች ቅርጫቷን ሞላች። እያዜመች ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ተጣደ። አክስቴ ቅጠሉን ቀቀለችና አረንጓዴውን ውኃ ማንም በማይደርስበት ጓሮ ደፋች። እንደገና ቀቀለች፤ እንደገና ደፋች። ሦስተኛ ጊዜም። የመርዙን ኃይል እያጠራቀመች መሰለኝ። በእነዚህ መሃል መኝታ ቤት እየገባች ሌላ ቀሚስ ለብሳ ትወጣለች፤ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን፣ መልሳ ቢጫውን።

እናቴን ልቀሰቅሳት ገባሁ።

"እማዬ፣ አክስቴ ሰው ልትገድል ነው።"

"እሺ የኔ ቆንጆ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ስትጨርስ ቀስቅሺኝ።"

ስለዚህ ወደ መንገዱ ጥግ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ሚስተር ጌይንስ ቡናማ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫታቸው አንቆ የያዛቸው ይመስል አንገታቸውን ቀጥ አድርገው መጡ። እጃቸው ላይ ከመንገድ ዳር የለቀሟቸው ሐምራዊ የዱር አበቦች ነበሩ። እጅጌያቸውን ያዝኩ።

"አይግቡ።"

"ለምን?"

"መርዝ አዘጋጅታለች።"

ቁጢጥ ብለው ዓይን ለዓይን ተያየን። "ምን ዓይነት መርዝ?"

"ፖክ።"

ፊታቸው ተለወጠ። አገጫቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የፈሩ መስሎኝ እጃቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

"ፖክ ነው ያልሽው? እዚህ ከተማ መሃል? እርግጠኛ ነሽ?"

"ስትቆርጠው አይቻለሁ።"

"ስትቀቅለው ውኃውን ደፍታለች?"

"ሦስት ጊዜ።"

"እግዚአብሔር ይባርካት" አሉና ተነሡ። ወደ ቤታችን የሄዱት ሊሮጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ ሞቱን እያወቀ እንዲህ የሚራመድ ደፋር ሰው በዓለም ላይ አይኖርም ብዬ አሰብኩ።

ጠረጴዛው ላይ አራት ነበርን፤ ሚስ ቢዩላም ማንም ሳይጠራቸው ኬክ ይዘው መጥተዋል። የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ በአሳማ ስብና በሽንኩርት የተጠበሰው ፖክ በትልቅ ሳህን። አክስቴ ጸለየች። ለሚስተር ጌይንስ አወጣችላቸው። አንድ ሹካ ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በሁለቱም ጉንጫቸው እንባ ወረደ።

ጀመረው፣ አልኩ በልቤ።

"እናቴ ካረፈች ወዲህ" አሉ፣ ሳይጨርሱትም ጎረሱ። አክስቴ በጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ስታወልቅ አየሁ። እሷ ጫማዋን የምታወልቀው ቤቷ እንዳለች ሲሰማት ነው።

ሰውዬው ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ አፋቸውን ጠረጉና በአክብሮት ጠየቁ። "ባለቤትዎ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው፣ ሚስ ኦዜላ?"

"ቆይቷል" አለች አክስቴ ወደ ሳህኗ እያየች።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። "እሷ ናት የገደለችው" አልኩ። "ፖክ አብልታ ነው። ቀመሰና አለቀለት፤ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ሚስ ቢዩላም ያውቃሉ።"

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አሉ ሚስ ቢዩላ፣ ከልማዳቸው የተነሣ።

ማንም አልሳቀም። አሁን ይህን ሳስብ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። "የልጅ ነገር ነው" ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ሁሉም ስቆ ኬኩ ይቆረስ ነበር፤ ሩፈስም እንደሞተ ይቀር ነበር። አክስቴ ግን ናፕኪኗን አጥፋ ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጠች።

"ሩፈስ አልሞተም" አለች።

ሚስ ቢዩላ ወደ ኮርኒሱ አዩ።

"ክሊቭላንድ ነው ያለው። ጫማ ይሸጣል። ከአንዲት ጸጉር ሠሪ ጋር ነው የሄደው። ሲሄድ ጎመን እያረምኩ ነበር፤ ሻንጣውን ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ ልብስ ሊያጥብ የሚወስድ መስሎኝ 'ሳሙና እንዳትረሳ' አልኩት።" ናፕኪኗን በመዳፏ ደለደለች። "ባሏ ለሞተባት ሴት ምግብ ያመጡላታል። ባሏ ጥሏት ለሄደባት ሴት ምክር ነው የሚያመጡላት። እኔ ምክር አልፈልግም ነበር። አንድ ጊዜ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ በየእሁዱ መሞቱን መቀጠል ነበረበት። ፍቺም አልፈጸምኩም፤ የሞተ ሰው አይፈታማ። ይህን ነው ያልነገርኩዎት። አሁን ባርኔጣዎን አንሥተው ቢሄዱ አልቀየምም።"

ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሰው ካልሞተ ደስ ሊለን አይገባም ነበር?

ሚስተር ጌይንስ ሳህናቸው ላይ የቀረውን ጠራርገው ጎረሱ።

"ይህን እያበሉት ነው የሄደው?" አሉ በመጨረሻ።

"በየጸደዩ።"

"ይህንኑ? እንዲህ ተደርጎ የተሠራውን?"

"ይህንኑ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ እንደቀረበለት ሰው። ከዚያ ሳህኑን አንሥተው ዘረጉላት። "ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

አክስቴ ማንኪያውን አላነሣችም። "ሉሺየስ" አለች። "ሚስተር" ማለቱን ስትተው የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው። "የነገርኩህን ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ። እሱ ክሊቭላንድ ነው። እኔ እዚህ ነኝ፤ ሳህኔም ባዶ ነው።"

አክስቴ ሳቀች። ከሆዷ የሚወጣ፣ ትከሻዋን የሚያናውጥ ሳቅ ነበር፤ መሃሉ ላይ ወደ ለቅሶ ያዘነበለ መሰለና ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ጨምራ፣ ጨማምራ አወጣችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺም ትበያለሽ" አለች፤ "መርዙ ከውኃው ጋር ተደፍቷል፤ ካልበላሽ ግን አታምኚኝም።"

በላሁ። ለስላሳ ነበር፤ ትንሽ ብረት ብረት፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል። ሰው ቀድሞ አረጋግጦልኝ እንኳ ከምሳ በኋላ የእሁድ ጫማዬን እንዳደረግኩ ሶፋው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ፤ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣመርኩ። እናቴ በመጨረሻ ነቅታ ስትወጣ "ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"እየሞትኩ ነው። ግን ጣፋጭ ነበር።"

"ኦዜላ" ብላ ተጣራች እናቴ በመስኮት፣ "ይህቺ ልጅ አትክልት በላች እንዴ?"

የዱር ዶሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ጫጩቶቿን አስከትላ ከደሴቷ ወጣች፤ ሚስተር ጌይንስ ሥራቸውን ትተው ሊያዩ መጡ። አክስቴም በዚያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥታ ባሏ በሕይወት እንዳለ ተናገረች። አንዲት ሴት ነገሩ ሳይገባት "ሃሌ ሉያ" ብላ እንደጮኸች አስታውሳለሁ። አክስቴ እንደፈራችውም ሳምንቱን ሙሉ ምክር ይዘውላት ይመጡ ነበር። ሚስተር ጌይንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥሩ በር ላይ አካፋ ይዘው ስለሚገኙና የመጣውን ሁሉ "ጥሩ ጊዜ ደረሱ፣ ያንን ባልዲ ያቀብሉኝ" ስለሚሉ፣ ብዙው ምክር ሳይነገር ተመለሰ።

የፍቺው ነገር ክረምቱን ወሰደ። ሩፈስ ያለ ክርክር ፈረመ። በቀጣዩ ግንቦት ሰርጉ ሆነ። አክስቴ ነጭ አልለብስም ብላ ቢጫ ለበሰች። እኔ በመጀመሪያው ረድፍ ከእናቴ አጠገብ አዲስ ካልሲ አድርጌ፣ አፌ ውስጥ ከረሜላ ይዤ ተቀምጫለሁ። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ ይህ ጋብቻ እንዳይፈጸም የሚያግድ ምክንያት የሚያውቅ ሰው ካለ አሁን ይናገር አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሚስ ቢዩላ ዞሩ። ዘማሪዎቹ ዞሩ። አክስቴም ራሷ ከሙሽራው አጠገብ ሆና ዞረች፤ ያለ ቁጣ፣ በትዕግሥት፣ እንደሚጠብቅ ሰው አየችኝ። ፓስተሩ ነገሩ ስላልገባቸው እሳቸውም አዩኝ። አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ተሰማኝ። ተነሣሁ፤ ከረሜላውን ወደ ጉንጬ ገፋሁት።

"የለም" አልኩ። "የማውቀውን ሁሉ ባለፈው ዓመት ተናግሬ ጨርሻለሁ።"

ቀድመው የሳቁት ሚስተር ጌይንስ ነበሩ።